ግርግም ፍለጋ፤ ከከሚሴ ወደ ተረተሩ

የነቢያት ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት፥ በከሚሴ ከተማ በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለሕፃናት የጌታችንን የልደት ነገር ስናስተምር፥ ሰባት ዓመት የሞላት አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ፥ «የኔታ፥ ግርግም ማለት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችን። እኛም፥ «ከብት ጭድና ድርቆሽ የሚበላበት ገበታ ነው፤ መጻሕፍት በግዕዝ ጎል ይሉታል» ብለን መለስን። ልጅቱ ግን አልረካችም። «ታዲያ ሕፃኑን ለምን እዚያ አስተኙት? አይቆሽሽም?» አለች። ሌሎቹም ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው መልሳችንን ይጠባበቁ ጀመር።

ጥያቄው የልጅ ነው ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም። በከተማ ተወልዶ በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሕፃን ከብትን የሚያውቀው በገበያ ቀን በጎዳና ሲነዳ ወይም በጭነት መኪና ተጭኖ ሲያልፍ ነው። የሚያድርበትን ቤት፥ የሚበላበትን ገበታ፥ ሌሊት በጨለማ የሚተነፍሰውን ትንፋሽ አያውቅም። ስለዚህ በቃል ከማብራራት በዓይን ማሳየት ይሻላል ብለን፥ ከወላጆቻቸው ጋር ተመካክረን፥ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንት ሕፃናትና ሦስት ወላጆች ይዘን ከከሚሴ በላይ ወዳለው ደጋ ለመውጣት ቆረጥን። እውነቱን ለመናገር ግን ወደዚያ ተረተር የሳበን የልጅቱ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። በዚያ ስፍራ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በላይ ሳንከፍለው የኖርነው ዕዳ ነበረብን። ስለ ዕዳው ግን በቦታው እንናገራለን።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ፥ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውንና በጣልያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግሮ፥ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያም ሸዋ ሮቢትን፥ ሰንበቴንና አጣዬን ተራ በተራ ካለፈ በኋላ፥ ከመነሻው 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሚሴ ይደርሳል። ከተማዪቱ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ስትሆን፥ ከፍታዋ 1400 ሜትር ያህል ነው። ከሕዝቡ የሚበዛው ኦሮሞና ሙስሊም ነው፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ልጆች ከእርሱ ጋር ውኃ ከአንድ ምንጭ እየቀዱ፥ ከአንድ ገበያ እየገዙ፥ በለቅሶና በሠርግ እየተጠራሩ ይኖራሉ።

በከተማዪቱ አጠገብ ከደሴ በኩል የሚመጣው የቦርከና ወንዝ ያልፋል፤ ፍጻሜውም አዋሽ ነው። ወንዙ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ በበጋ ጭምር የሚለመልም ረግረግ ስለ ሆነ፥ ሣር በሌላው ቆላ ሲደርቅ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብታቸውንና ግመላቸውን እየነዱ ወደዚሁ ይመጣሉ። የአገሩም ገበያ ያለ ከብት አይደምቅም፤ እሑድ ሰንበቴ፥ ሰኞ ባቲ የቆመ ሰው ይህን ያውቃል። በዚህ አገር ከብት ጥሪት ነው፤ ማረሻ ነው፤ ጥሎሽ ነው፤ የክፉ ቀን መጠጊያም ነው።

በሜዳው ላይ ሕፃናቱን ለጥቂት ጊዜ አቁመን የቆላውን በረት አሳየናቸው። የግራር እሾህ ተቆርጦ ክብ ሆኖ ይከመራል፤ በአንድ በኩል መግቢያ ይተውለታል፤ ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ መግቢያው በሌላ እሾህ ይዘጋል። ጣሪያ የለውም። እረኛው ሣር ፍለጋ ሲነሣ በረቱን ጥሎ ይሄዳል፥ በደረሰበትም ሌላ ይሠራል። ለሞቃት አገርና ለሚዘዋወር ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ብልኃት የለም። ልጅቱም እየዞረች ተመልክታ፥ «ግርግሙስ የታለ?» አለችን። «ግርግሙ ላይ ነው፤ ገና እንወጣለን» አልናት።

የጠጠሩ መንገድ ካለቀበት መኪናውን ትተን በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ወጣን። በመንገዳችን ግራሩ እየሳሳ፥ ወይራና ጽድ እየተተካ፥ ነፋሱም እየቀዘቀዘ ሄደ። ሕፃናቱ የተሸከሙትን ጋቢ መልበስ ጀመሩ። ከቆላው በላይ ምድሩ ሁሉ ድንጋይ ነው፤ እርከኑ ድንጋይ፥ አጥሩ ድንጋይ፥ የአውድማው ዳር ድንጋይ ነው። ገበሬው እርሻውን ሲያጸዳ የለቀመው ድንጋይ ነውና በከንቱ አልተጣለም። ወቅቱ የታኅሣሥ መግቢያ ስለ ነበረ በአውድማው ላይ በሬዎች ገብስ ያበራዩ ነበር።

የሄድንበት ቤት ባለቤት ሽማግሌ ክርስቲያን ናቸው። አስቀድመን መልእክት ልከንባቸው ስለ ነበር በበራቸው ቆመው ጠበቁን። ጋጡ ከመኖሪያው ቤት ዐሥር እርምጃ ያህል ርቆ፥ ደጁ ከቤቱ ደጅ ጋር ፊት ለፊት እንዲተያይ ሆኖ ተሠርቷል። ሕፃናቱ ሊሮጡ ሲሉ ሽማግሌው፥ «ቀስ ብላችሁ ግቡ፤ ላሚቱ አራስ ናት» አሏቸው።

አሁን ስለ ሥራው እንናገር፤ ድንጋይ መደርደር ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላልና። ግንቡ በውስጥና በውጭ ሁለት ፊት አለው፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት በጠጠርና ጭድ በተቦካ ጭቃ ይሞላል። ሁለቱ ፊቶች እንዳይለያዩም በየክንዱ ርቀት ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ይጋደምበታል። ውፍረቱ አንድ ክንድ ተኩል ይሆናል። በማዕዘን ትልልቆቹና ጠርዛማዎቹ ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ እየተቆላለፉ ይቀመጣሉ። የደጁ መቃንና ጉበን ምስጥ የማይደፍረው ወይራ ነው። ደጁ ጠባብና ዝቅ ያለ ሲሆን፥ አንድ በሬ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ያስገባል፤ በደጁ ብዙ ሆኖ መግባት የሚሻ አውሬ ግን እዚያው ይቀራል። ወለሉ ሰፋፊ ድንጋይ ተነጥፎበት ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያለ ነው፤ ሽንቱ በዚያ ፈስሶ ከግንቡ ሥር ባለ ቀዳዳ ይወጣል፥ በውጭ ባለው ጕድጓድም ከፍግ ጋር ይጠራቀማል። ፍጉ ለገብሱ ማሳ ይሆናል፤ እበቱ ግማሹ ኩበት ይጠፈጠፋል፥ ግማሹ ግድግዳና አውድማ ይለቀለቅበታል። ከጣሪያው ክዳን በታች ነፋስ በማይበረታበት ወገን እጅ ብቻ የምታሾልክ ሁለት የአየር መግቢያ አለች። በጀርባው ግንብ በኩል ደግሞ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፥ ከጉልበት ከፍ ያለ ረጅም ገበታ አለ። «ይኸውላችሁ ግርግሙ» አልናቸው።

ስለ ምን ድንጋይ? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ምክንያቱ ብዙ ነው። በደጋ ሌሊቱ ብርቱ ቅዝቃዜ ስለ ሆነ፥ ወፍራም ግንብ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይመልሳል፤ የከብቱንም ሙቀት አያባክንም። እንጨት በተመናመነበት አገር ድንጋይ በእግር ሥር ይገኛል። ጅብ እንጨት ያኝካል፥ እሾህም ይጥሳል፤ ግንብ ግን አያፈርስም። በቀድሞው ዘመን ወረራና ዘረፋ በበዛ ጊዜም ሰው ከወባውና ከጠላቱ ሸሽቶ በተረተር ላይ ሲሰፍር፥ ቤቱን ምሽግ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኖበት ነበር።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ሌላ መንደር በዚሁ ዞን በደዋ ጨፋ ወረዳ አለ፤ ስሙም ሾንኬ ይባላል። ነዋሪዎቹ አርጎባዎች ናቸው። ከተራራ አናት ላይ ተደጋግፈው የቆሙት የድንጋይ ቤቶች ከሩቅ ሲታዩ ከተራራው የበቀሉ ይመስላሉ። መንደሩ ከ900 ዓመት በላይ እንደ ኖረ ከአባቶች ሲነገር መጥቷል። ሾንኬ በእስልምና ትምህርት የታወቀ ስፍራ ሲሆን፥ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሼኽ ጀውሃር ሐይደር የተባሉት ሊቅ ያስተማሩበት ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ወደ ታች ወደ መንገድና ወደ ውኃ ስለ ወረደ ባዶ የቀረው ቤት ጥቂት አይደለም። ሰው የለቀቀው ቤት ደግሞ ጣሪያው ይወድቃል፤ ከጣሪያው በኋላ ግንቡ ይከተላል። በሰሜን የትግራይ ሕድሞ፥ በደቡብ በኩል ያለው የመንዝ የድንጋይ ቤት የዚሁ ጥበብ ዘመዶች ናቸው።

ከአገራችን ውጭም ቢሆን ሰው ይህንኑ አስቧል። በየመን በሰንዓ ከተማ ባሉት ረዣዥም ጥንታውያን ቤቶች ምድር ቤቱ ለከብትና ለእህል፥ ፎቁ ለሰው ነበር። በፍልስጥኤም ገጠርም የድሮው ቤት አንድ ክፍል ሆኖ፥ ቤተ ሰቡ ከፍ ባለው መደብ ላይ ይተኛል፥ ከብቱ ዝቅ ባለው ወለል ያድራል፥ ግርግሙም በመደቡ ጠርዝ ላይ ይሠራ ነበር። በቤተ ልሔም ጌታችን የተወለደበት ስፍራ ዋሻ እንደ ሆነ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው፤ በዚያውም ላይ በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሡ ቈስጠንጢኖስ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶበታል። እንግዲህ ድንግል ልጇን ያስተኛችበት ስፍራ፥ እኛ በሥዕል እንደምናየው ያጌጠ ሳይሆን፥ ይህን የደጋ ጋጥ የመሰለ ነበር።

ሕፃናቱ በውስጥ ሳሉ ከውጭ የቀረ አንድ ልጅ ጠራን። «የኔታ፥ እነዚህ ድንጋዮች ለምን ጠቆሩ?» አለ። ተመለከትን፤ እውነትም ከግንቡ በውጭው ፊት እዚህና እዚያ ጥላሸት የለበሱ ጥቁር ድንጋዮች ነበሩ። ጥላሸት የምድጃ ነው እንጂ የዝናብና የፀሐይ ሥራ አይደለም። ሽማግሌው ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። መልሱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርንና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2001 ዓ.ም. በዚህ ተረተር ላይ ባለው ትምህርት ቤት አዲስ መምህር ነበርን። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየመንደሩ ደርሶ፥ ከምክሮቹ አንዱ ከብትን ከሰው መኖሪያ መለየት ነበር። ምክሩ እውነት ነው። ከብት ባለበት ቤት ዝንብ ይበዛል፤ ዝንብም ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን ያስተላልፋል። የከብት የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽና ባልተፈላ ወተት ወደ ሰው ይሻገራል። ቁንጫና መዥገርም አሉ። ይህን ሁሉ በኮሌጅ ተምረን ስለ ነበር፥ ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆመን አስተማርን። ማስተማራችን ባልከፋ፤ ነገር ግን ቤታቸውና ጋጣቸው በአንድ ጣሪያ ሥር የነበረውን እኚህን ሽማግሌ በእጃችን አመልክተን፥ «ከከብት ጋር የሚያድር ሰው ከከብት በምን ይለያል?» አልን። ሕዝቡም ሳቀ። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመታችን ነበር።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌው አያታቸው የገነቡትን ጋጥ በእጃቸው አፈረሱት። ድንጋዩን ከጓሮ ከምረው፥ ለከብቶቹ ከቤቱ ጀርባ በእንጨት አጥር አጠሩላቸው። በሐምሌ አንድ ሌሊት፥ ጉሙ ወርዶ ዝናቡ ሲያጉረመርም፥ የውሻ ጩኸት እንኳ በማይሰማበት ሰዓት፥ ጅቦች አጥሩን ጥሰው ገብተው በሬያቸውን ገደሉት። ሽማግሌው የነበራቸው አንድ በሬ ነው። ከቁልቁለቱ በታች የሚኖሩ አንድ ሙስሊም ጎረቤታቸውም አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው፤ ሁለቱም በመቀናጆ አንድ ጥማድ አድርገው፥ በየተራ የአንዱንም የሌላውንም መሬት ያርሱ ነበር። አንዱ በሬ በሞተ ቀን የሌላውም በሬ ሥራ ፈታ። በአንድ ሌሊት ሁለት ቤት ማረሻው ተሰቀለ፤ በዚያ ዓመት ስንዴው ዘግይቶ ተዘራ፥ የሁለቱም ጎተራ ከግማሽ በላይ አልሞላም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ እኛ ነገሩን የሰማነው ከሆነ በኋላ ነው። በዚያው ክረምትም ዝውውር ደርሶን ወደ ከተማ ወረድን፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅንም።

ከመስቀል በኋላ ጎረቤታቸው ዘመዶቻቸውን አሰልፈው፥ ደቦ ጠርተው መጡ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተባብሮ ከጓሮ የተከመረውን ድንጋይ አነሣ። ሽማግሌው ግን ጋጡን በቀድሞው ቦታ አልመለሱትም። ከቤቱ ዐሥር እርምጃ አርቀው ለብቻው አሠሩት፤ አየር መግቢያ አወጡለት፥ ወለሉን አዘነበሉለት። የጤናውን ምክር እንደ ተቀበሉ እናስተውል፤ የድንጋዩንም ጥቅም አልጣሉም። ሕፃኑ ያያቸው ጥቁር ድንጋዮች እንግዲህ በአያታቸው ቤት ውስጥ ምድጃ አጠገብ ሲጨሱ የኖሩ፥ በደቦው ጊዜ ፊታቸው ወደ ውጭ የዞረ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለሕፃናቱ በሽማግሌው ፊት ነገርናቸው። ከዚያም ጫማችንን አውልቀን፥ «አባቴ፥ በድያለሁና ይቅር ይበሉኝ» ብለን በጉልበታቸው ወደቅን። ሽማግሌው ክንዳችንን ይዘው አነሡን። «ልጄ፥ ትምህርቱ ደግ ነበር። ግንቡን ያፈረስሁትም እኔ ነኝ፤ አንተ ድንጋይ አላነሣህም። ነገር ግን ከመናገርህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ገብተህ አይተኸው ቢሆን ኖሮ ምንኛ ደግ ነበር» አሉን። እውነታቸውን ነው። በዚያ ተረተር ላይ አንድ ዓመት ስንኖር፥ ስለ ጋጣቸው ስንናገር፥ ደጃቸውን ረግጠን አናውቅም ነበር። «አሁን ግባ» አሉን፤ ጎንበስ ብለን ገባን።

በውስጥ ጨለማው ለዓይን እስኪለመድ ድረስ የሚሰማው የላሚቱ መንጎራጎር ብቻ ነበር። ያቺ ጠያቂ ልጅ በግርግሙ አጠገብ ቆማለች። ላሚቱ ጭዱን እየበላች ትተነፍሳለች፤ ልጅቱም እጇን በጭዱ ውስጥ ከትታ ነበር። «እንዴት ነው?» አልናት። «የኔታ፥ ይሞቃል» አለች። አባቶቻችን በዚያች ሌሊት ላህምና አድግ ሕፃኑን በእስትንፋሳቸው እንዳሟሟቁት ሲያስተምሩን፥ ይህን በምሳሌ ብቻ የተነገረ አስመስለን የምንሰማ ብዙዎች ነን። ልጅቱ ግን በእጇ ዳሰሰችው።

ስንወርድ ከቁልቁለቱ በታች ያሉትን ጎረቤት በአውድማቸው ላይ አገኘናቸውና ሰላምታ ሰጠናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዛሬም በመቀናጆ ያርሳሉ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ ብዙ ቤት በተቃጠለ ጊዜ ሐዘን ያልደረሰበት ወገን አልነበረም፤ እነዚህ ሁለት ቤቶች ግን ጥማዳቸውን አልፈቱም።

የተከበራችሁ የክርስቲያን ቤተ ሰቦች፤ ይህን የጻፍነው የድሮ ነገር ሁሉ ይመለስ ለማለት አይደለም። ከብቱ ከመኝታችሁ ይለይ፤ ወተቱ ይፈላ፤ የሕፃናቱ ፊት ጧትና ማታ ይታጠብ፤ የጋጡ ወለል በየቀኑ ይጠረግ። ነገር ግን አዲሱ ጋጥ ተሠርቶ ሳያልቅ አሮጌውን አታፍርሱ። ድንጋዩን ለመንገድ ጠጠርነት አትሽጡ፤ አንድ ጊዜ የተጠረበ ማዕዘን ሁለተኛ ቤት ያቆማልና። አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉም ግንቡን ማን እንደ ሠራው፥ በየትኛው ዘመን እንደ ተሠራ ጠይቃችሁ፥ በቤታችሁ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። ጠቢቡ ሰሎሞን ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ያስተምራል፤ ያን የድንጋይ ቤት የሠሩት አባቶቻችንም መራራታቸውን በድንጋይ ጽፈውልን አልፈዋል።

እኛን የመሰላችሁ መምህራን ደግሞ፥ የሰውን ቤት ከመንቀፋችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ግቡ። ደጁ ዝቅ ያለ ነው። በቤተ ልሔም በግርግም ለመተኛት ያልተጸየፈ አምላክ ለሁላችንም ትሕትናን ያድለን፤ የልደቱንም በዓል በሰላም ያድርሰን። አሜን።